ዝናብ ያነጣው ቀለም

መኪና ቀቢዋን ደንበኞቿ «እጀ ወርቅ» ይሏታል። አባቷ ከሞተ ጀምሮ የእሱን ጋራዥ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ይዘውታል፤ እሱ የተጨራመተ ላሜራ ይቀጠቅጣል፣ እሷ ትቀባለች። ወንድሟ ቶሎ ግንፍል የሚል ሰው ነው። ላሜራውን ሲደበድበው የሰደበው ይመስላል።

ዝናቡ ስድስተኛ ቀኑን እንደያዘ አንድ ባለ ሚኒባስ መጣ። ሰው መማታት ስለሚቀናው «ቡጢ» ነው የሚባለው።

«ሚኒባሱ ነገ ሥራ ይገባል፤ ዛሬ ቀቢልኝ» አላት።

«ዛሬ አይሆንም። ግድግዳው እንኳ አልቦታል። አየሩ እንዲህ ሲረጥብ ውሃው ቀለሙ ላይ ያርፍና ወተት ያስመስለዋል። ፀሐይ እስክትወጣ ይታገሡኝ።»

«ትምህርት ልቀበል አልመጣሁም።»

እንዲያግዛት ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ ግን አስቀድሞ ለሰውዬው ቃል ገብቶ ኖሯል። «አፍሽን ከምታደክሚ እጅሽን አድክሚ» አላት።

ሚኒባሱን ደጋግማ በጨርቅ አድርቃ ቀባችው። ሰማያዊው ቀለም መጀመሪያ እንደ መስታወት አበራ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ኮፈኑ ነጣ፤ በሮቹም እሳት እንደ ነካው ቆዳ ውሃ ቋጠሩ።

ቡጢ ከሰዓት መጥቶ አየው። የመኪና ማንሻውን የክሪክ ዘንግ ከመሬት አነሳና የቀለም ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ደረመሳቸው። ቀጥሎ የቀለም መርጫውን እንደያዘች የቀኝ እጇን አንጓ መታት። አጥንቷ ሲሰበር ተሰማ። ወድቃ ሳለ ትከሻዋ ላይ ደገማት።

ወንድሟ መዶሻውን እንደያዘ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ተው» አለችው።

አልሰማትም። የመጀመሪያው ምት የሰውዬውን አገጭ ሰበረ፤ ጥርሶቹ የፈሰሰው ቀለም ውስጥ ተበተኑ። ሁለተኛው ጉልበቱን አደቀቀው። ሦስተኛውን ጭንቅላቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል በደረቷ ተስባ በደህናው እጇ እግሩ ላይ ተጠመጠመች።

«እሱን ገድለህ እኔን ለማን ነው የምትተወኝ?»

መዶሻው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሚኒባሱ አዞረና ጎረቤቶች መጥተው እስኪይዙት ድረስ በሩን ቀጠቀጠው።

ቡጢ ነፍሱ ተረፈች፤ ማኘክ ግን ቀረበት። ፍርድ ቤቱ ለእሱ ሁለት ዓመት፣ ለወንድሟ አራት ዓመት ፈረደ። የእሷ አንጓ ጠሞ ገጠመ፤ በግራ እጇ ቀለም መርጨት እስክትለምድ ድፍን ዓመት ፈጀባት።

አንድ ቀን ወንድሟን ልትጠይቀው ወህኒ ቤት ሄደች። ከሽቦው ማዶ ቆሞ፣ «እኔ ነኝ ያስመታሁሽ» አላት።

«አዎ» አለችው። ልታጽናናው ፈልጋ ነበር፤ አፏ ግን እምቢ አላት።

ሲፈታ ከበር ተቀብላ ቤት አስገባችው፣ አበላችው፣ አልጋ አነጠፈችለት። በማግስቱ መዶሻውን ሲፈልግ፣ ላሜራውን ሌላ ሰው እንደሚሠራ ነገረችው።

«ወንድሜ ነህ፣ ቤቱም ቤትህ ነው» አለችው። «አብረን መሥራት ግን አንችልም።»

አልተቆጣም። በሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ሲያይ አረፈደ።