የምራቴ የጠዋት መርፌ

ምራቴን ደመቀችን «ሰነፍ ናት፣ ለራሷ ነፍስ የማታስብ ናት» ያለ ሰው ካለ ዛሬም ይምጣና እኔን ያናግረኝ። ወለተ ጊዮርጊስ እባላለሁ። ቤቴ ጣርማ በር ላይ ነው፣ ከዋሻው ወዲህ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር። ምላሰኛ ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በዚያች ልጅ ላይ የተወራውን ሰምቶ ዝም የሚል ካለ እሱ ነው የሚገርመኝ።

ደመቀች የእነዋሪ ልጅ ናት። ልጄን ገብረ ጻድቅን አግብታ ስትመጣ ገና ለጋ ነበረች። እጇ ሱፍ ሲይዝ ማየት ነው! እሷ የፈተለችው ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሆኖ ገበያ ከወጣ ተመልሶ ቤት አይገባም። ልጄ በግ ይነግዳል፣ እሷ ትፈትላለች፣ እኔ ሁለቱንም እጨቀጭቃለሁ። እንዲህ ነበር ኑሯችን።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ውሃ ውሃ አሰኛት። ትጠጣለች፣ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትጠጣለች። እየበላች ከሳች። ቀሚሷ ወገቧ ላይ አልቆም አለ። ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው አለ፤ ጠበል ወሰድናት፣ ተጠመቀች። ጠበሉ ላይ የነበሩት ቄስ ግን አይተዋት ሐኪምም ይያት አሉን፤ እግዜር ይስጣቸው። በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን አደረስናት።

እዚያ ሐኪም ቤት ያለው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ፣ ሽንቷን ከሰማያዊ ውሃ ጋር ቀላቅሎ እሳት ላይ ቢያሞቀው እንደ ሸክላ ቀላ። የስኳር በሽታ ነው አለ። መድኃኒቱ ኢንሱሊን የሚባል፣ ወተት የመሰለ፣ በትንሽ ብልቃጥ ያለ ነገር ነው፤ በየቀኑ ጭኗን ራሷ ትወጋለች፣ ካቋረጠች ትሞታለች። ብልቃጡን ከፀሐይና ከእሳት አርቃ ቀዝቃዛ ቦታ ታስቀምጥ። ይህን ሁሉ ሲነግራት ደመቀች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«እሑድም?»

«እሑድም፣ ፋሲካም፣ ዕድሜ ልክሽን» አላት።

የበሬ ጫንቃ እንኳ እሑድ ከቀንበር ያርፋል።

ግን ያዘችው። ጎህ ሲቀድ ትነሳለች፣ መርፌውን በጣሳ ትቀቅላለች፣ ብልቃጡን ታመጣና በመዳፏ መካከል ታሸዋለች፣ ወደ ብርሃን አንስታ ትለካለች፣ ጥርሷን ነክሳ ትወጋለች፣ ከዚያ ቂጣዋን ትበላለች። እኔ በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሜ አያታለሁ። ምንም አልረዳትም፤ ዝም ብዬ መቆም ነው ሥራዬ። ክረምት ሳይገባ ሥጋዋ ተመለሰ። እንዝርቷን አነሳች። መሳቅ ሁሉ ጀመረች። እሰይ አልኩ፣ ተገላገልን አልኩ።

ኅዳር ላይ ኩባያው ከእንስራው አፍ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሰማሁ። ጥጥ እየዳመጥኩ ጆሮዬ እንስራው ላይ ነው። ወግተሻል ወይ ብላት ወግቻለሁ አለች። መውጋቷንማ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ታዲያ ውሃው ምንድን ነው? ከዚያ ቀሚሷን መልሳ ማጥበብ ጀመረች።

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ወረድን። ሽንቷ ያው እንደ ሸክላ ቀላ። ድሬሰሩ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መርፌውን እየተወሽው ነው አላት። አንድ ቀን አልተውኩም አለችው። ይህ ያልተወ ሰው ሽንት አይደለም ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ አንተ ተምረህ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን የልጄ ሚስት ስትወጋ ቆሜ የማይ ሰው ነኝ አልኩት። ብሰማሽም ባልሰማሽም ያው ነው በሚል ዓይነት አንገቱን ነቀነቀ። መጠኑን ጨምሩ ብሎ ሸኘን።

እኔን ያናደደኝ ድሬሰሩ አይደለም። ልጄ ነው። አብሮን ሄዶ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ በጥርጣሬ ያያታል። እሷም እንደሚያያት ታውቃለች። ቤት ስንደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ትወጋለች እንጂ ልቧ የለበትም። አንድ ጠዋት ጣሳውን ሳትጥድ ተቀምጣ ቀረች። ብወጋም ባልወጋም ያው ከሆነ፣ ወግቼም ተወች ከተባልኩ፣ ምን አስወጋኝ አለች። ስለ እኔ ስትይ አልኳት። ስለ እኔ ስትል እሺ አለች፣ ግን አልተነሳችም። መድኃኒቱን ያምጡልኝ አለችኝ፤ ከቤቱ ጀርባ፣ በገደሉ በኩል፣ ድንጋዩ ሥር ነው።

ከቤቱ ጀርባ? እኔ ከጓዳ በማሰሮ የምታወጣው ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ በጓዳው በር ወደ ውጭ ትወጣ ኖሯል። ብወጣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል፣ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ከቶ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ፣ ማሰሮው ውስጥ ብልቃጡ። አንስቼ ብገለብጠው ውስጡ ያለው ንቅንቅ አላለም። በረዶ ሆኗል።

ክው አልኩ። ይዤ ገብቼ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ አልኳት። ብርዱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነው፣ በመዳፌ አሙቄ አቀልጠዋለሁ አለች። ከቀለጠ በኋላ እንደ አይብ የሚረጋውን ነጭ ነገር አሽታ አሽታ አልሟሟ ሲላት የመድኃኒቱ ጠባይ መስሏታል። ቤት ውስጥ ምድጃ አለ፤ ሐኪሙ ቀዝቃዛ ቦታ ብሏል፤ እሷ ደግሞ እንዳታጎድል ብላ ከአገሩ ሁሉ ቀዝቃዛውን ቦታ ፈልጋ አገኘች።

ያን ቀን አልወጋችም። ብልቃጡን በጡቶቼ መካከል ሸጉጬ፣ እሷን ደግፌ፣ በግ በጫነ መኪና ደብረ ብርሃን ገባን። መንገድ ላይ ትንፋሿ እንደ ከረመ ፍሬ ይሸት ነበር። ዓይኗ ሲከደን እየነቀነቅኩ ስሟን እጠራ ነበር። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም፣ ባሌን ስቀብርም እንደዚያ አልፈራሁም።

ድሬሰሩ ሳይሆን አንዲት ጠና ያለች ነርስ ተቀበለችን። ደመቀችን ወዲያው እሷ ዘንድ ካለው መድኃኒት ወጋቻት። ከዚያ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችውና የት ያድር እንደነበር ጠየቀች። ነገርኳት።

«እናቴ፣ ውርጭ ያገኘው መድኃኒት የሞተ ነው» አለችኝ። «ስትወጋው የከረመችው ውሃ ነው በይው።»

ሦስት ቀን እዚያው አስተኝተው አዲስ ብልቃጥ ሰጡን። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ፣ ከልብስ መሐል ይቀመጥ ተባለ። ገብረ ጻድቅ ሊወስደን ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱ ወጣ፣ ስሟ ጸዳ፣ አዲስ መድኃኒት አለ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረ?

ቤት በገባን ማግስት ጎህ ቀደደ፣ ደመቀች አልተነሳችም። ጠበቅሁ። ፀሐይ በበሩ ገባች። አሁንም አልተነሳችም። ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኗ ክፍት ነው።

«እማማ» አለችኝ፣ «ያን ሁሉ ጠዋት የወጋሁት ውሃ ነው። ዛሬም ውሃ ቢሆንስ?»

አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከየት አውቄ? ብልቃጡ ነጭ ነው፤ ያኛውም ነጭ ነበር። 

«አላውቅም ልጄ» አልኳት።

ተነስቼ እሳቱን አያያዝኩ፣ ጣሳውን ጣድኩ፣ መርፌውን ከተትኩ። እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም፤ ብቻ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ውሃው ሲፈላ በጣቴ ላወጣው ስል ጣሳው ሊደፋ ሆነ። ከኋላዬ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ይተዉት፣ ያቃጥልዎታል» ብላ ተቀበለችኝ። ብልቃጡን አሸች። ለካች። ጥርሷን ነክሳ ወጋች። እኔ እንደ ሞኝ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ደግሞም ያለ ቦታው፣ ነገስ ትወጊያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ዛሬን ወግቻለሁ» አለች። «የነገን ነገ ይጠይቁኝ።»

ጥሙ በሳምንቱ ተዋት፤ ሥጋዋ እስኪመለስ ግን ሁዳዴ ገባ። ይኸው ዓመት አለፈን። አሁንም ጎህ ሲቀድ ጣሳው እሳት ላይ ሲቀመጥ እስክሰማ ትንፋሼን ይዤ ነው የምተኛው። ስሰማ ተነስቼ በሩ ላይ እቆምና «ነገስ?» እላታለሁ። «የነገን ነገ» ትለኛለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።