ንቦቹ ሲሄዱ የተናገረው

የማር አምራቾቹ ማኅበር ሰብሳቢ በቅጽል ስሙ «ክፈቱት» ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት የገዛ አባላቱ ናቸው። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው በመጋዘን ኃላፊነት ነው። እዚያ ያላስከፈተው ካርቶን፣ ያልበረበረው መሳቢያ የለም፤ ጡረታ ሲወጣ ልማዱም አብሮት ወጣ። የተዘጋ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። የማር ባልዲም ይሁን የዕቃ ሣጥን፣ የሰው ምሳ ዕቃ ሳይቀር፣ «እስቲ ክፈቱት» ነው። ክፋት የለበትም፤ ካላየ አያምንም፣ ያ ብቻ ነው።

ዓምና ስለ አመራር ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው መስሎ ነበር። ድርጅት ማለት ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ መሪው ተፈጥሮን አዳምጦ፣ ከእሷ ጋር ተስማምቶ ይመራል እንጂ እየጎነተለ አይመራም ብሎ አባላቱን ሲሰብክ ሰነበተ። ይህንኑ በትልልቅ ፊደል አጽፎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። መቼም አነጋገር ያውቅበታል። ወሬው ርቆ ሄደና አንድ የአትክልተኞች ማኅበር አመራሩን ሊማር ቀጠሮ ያዘ።

በዚያው ሰሞን የቀፎዎቹ ኃላፊ አጥር ላይ ያረፈ የንብ መንጋ አውርዳ አዲስ ቀፎ ውስጥ አስገብታ ነበር። ኃላፊዋ የክፈቱት ሚስት ታላቅ እህት ናት፤ ባልና ሚስቱ «እትዬ» ነው የሚሏት። አዲስ የገባ መንጋ እስኪለምድ አይነካም። ይህን ከማኅበሩ ዘበኛ ጀምሮ ሁሉም ያውቃል፤ ክፈቱትም አሳምሮ ያውቃል።

እንግዶቹ ነፋስ በበዛበት ቀን መጡ። ንግግሩን አደረገ፣ አጨበጨቡለት። ጭብጨባ ደግሞ ሰው ያሰክራል። እየመራ ወደ ቀፎዎቹ ወሰዳቸውና አዲሱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«እስቲ ክፈቱት።»

«እሱ ይቅር» አለች እትዬ ቀስ ብላ። «ገና አልለመዱም። ያኛውን ላሳያቸው።»

«አንድ አፍታ ነው፣ እትዬ። እንግዳ መጥቶ ይከለከላል እንዴ?»

ራሱ ከፈተው። ንቦቹ እንጀራቸውን የሚሠሩበትን አንድ ፍሬም አወጣ፣ ሌላ ደገመ፤ «አያችሁ፣ እዚህ ቤት ማንም ማንንም አይቆጣጠርም» እያለ ሦስተኛውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ንቦቹ ድምፃቸው ተለወጠ። ከቀፎው አፍ እየተግተለተሉ ወጡ፣ ከሰዎቹ በላይ ጥቂት ዞሩና ከነአውራቸው አጥሩን ተሻግረው ሄዱ። ክፈቱት ባዶ ፍሬም ታቅፎ ቀረ።

ያኔ ዝም ቢል ኖሮ ምናልባት ያልፍ ነበር። ግን የእንግዶቹ መሪ፣ አንዲት ባለመነጽር ሴት፣ «ምን ሆነው ነው?» ብላ ስትጠይቀው አፉ ቀደመው።

«አገባባቸው ላይ ስህተት ነበር» አለ፣ በአገጩ ወደ እትዬ እየጠቆመ።

እትዬ አየችው። «አዎ፣ የእኔ ጥፋት ነው» አለች። የእህቷን ባል በሰው ፊት አዋርዳው አታውቅም፤ ያን ቀንም አላደረገችውም። ከእንግዶቹ አንዱ መንጋ ቀፎ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ያስረዳት ጀመር፤ በንብ ተነድፎ እንኳ የሚያውቅ አይመስልም። እሷ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ክፈቱት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

እራት ላይ ሚስቱ «እንዴት ዋላችሁ?» አለችው። «ደህና» አለ። የጠቀለለውን ጉርሻ ግን መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከሁሉም ቀድሞ ተነሣ። አንገቱን ደፍቶ፣ «ንቦቹን ያባረርኳቸው እኔ ነኝ። እትዬ ላይ ዋሸሁ። አፍሬያለሁ» አለ።

«እሱንማ እናውቃለን!» አለ ዘበኛው ከበሩ ሥር፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ክፈቱትም ቀለል አለውና ሊቀመጥ ሲል እትዬ «እነዚያ ግን አያውቁም» አለች።

እውነቷን ነው። ለሚያውቅ ሰው መናዘዝ ምን ያቅታል? ስልኩን አወጣና ሁሉም እየሰሙ፣ እዚያው እንደቆመ፣ ለባለመነጽሯ ደወለ። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰችውም።

«ኧረ እኛ እርስዎን እኮ በየስብሰባው እያነሳንዎት ነው! ያቺ ሴትዮ ያን ያህል አጥፍታ አንድ ክፉ ቃል ሳይናገሯት ማለፍዎ! ተፈጥሮን ተከትሎ መምራት እንዲህ ነው ብዬ ለሰዎቼ ነገርኳቸው።»

«አላጠፋችም» አለ። «አትክፈት ብላኝ ነበር። የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱን እሷ ላይ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። የታገሠችው እሷ ናት።»

«ታዲያ አሁን ለሰዎቼ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለች ሴትዮዋ። «እኔ እንጃ። ልሰብስባቸውና ራስዎ መጥተው ይንገሯቸው።»

ክፈቱት ወደ እትዬ ዞረ። እንደዚያን ቀኑ አንድ ነገር ብላ እንድታወጣው በዓይኑ ለመናት። እሷ የተቀደደ የንብ ልብሷን እየሰፋች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እመጣለሁ» አለ።