እግሯን ያጣጠፈችው ጀልባ

የሶዶው አናጺ ደገፉ የሠራው አልጋ አይነቃነቅም፣ የገጠመው በር ሲጢጥ አይልም። በገዛ እጁ የሠራት፣ አንዲት ክንድ የማትሞላ የሸራ ጀልባ ግን መሳቂያ አደረገችው። ጉኑኖ ከተማ፣ በአባቱ ጓሮ ለመስኖ የተቆፈረው ኩሬ ላይ ባስቀመጣት ቁጥር በጎኗ ጋደም ትላለች። በመጪው እሁድ ደግሞ ከጸሎት መልስ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያያት ይመጣል። የጠራቸው የራሱ አፍ ነው፤ ማንን ይወቅሳል?

ሆዷ ውስጥ ድንጋይ ጨመረ። ድንጋዩ ወዳዘነበለችበት ተንከባለለና ጭራሽ አወዳደቋን አሳመረላት። ዋናውን ጥፋት ግን ያውቀዋል፤ አያወራውም እንጂ። ሸራዋ የወላይታ ዱንጉዛ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፣ ወፍራም የእጅ ሥራ፣ ውሃ ሲነካው የታጠበ ጋቢ ያህል የሚከብድ። አባቱ አባ ቦሼ ዓይናቸው ሳይደክም የሸመኑት የመጨረሻ ጨርቅ ነው። እሱን አውርዶ ላስቲክ መስቀል ለደገፉ አባቱን ከቤት እንደማስወጣት ሆነበት።

ሽማግሌው ኩሬው ዳር ተቀምጠው በድምፅ ብቻ አወዳደቋን ይቆጥራሉ። ቅዳሜ፣ ስድስተኛው ላይ ትዕግሥታቸው አለቀ። ጀልባዋን ተቀብለው ሥሯን በእጃቸው ዳሰሱ።

«እኔ አርባ ዓመት የሸመንኩት እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ነው» አሉ። «ይቺ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። እንዴት አትወድቅ?»

ደገፉ አፈረ። አባቱን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ሲሸምኑ እያየ ነው ያደገው። ጎሚስታ ቤት ሄዶ ለጎማ ባላንስ የሚመታውን እርሳስ ለምኖ አመጣ፤ በስስ ጣውላ ጫፍ ላይ አስሮ ከሆዷ በታች አንድ ስንዝር አወረደው። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ነፋስ ሲመጣ ግን አሁንም ሸራዋ ውሃ ይልሳል።

«ሸራው ከብዷት ነው አይደል?» አሉ አባቱ።

ደገፉ የነፋሱ ነገር ነው፣ የእንጨቱ ነገር ነው እያለ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። ውሸት አይሆንለትም፤ አናጺነቱ ይሻለዋል። አባ ቦሼ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቁም፤ መቀስ ጠየቁ። ዱንጉዛውን በጣታቸው ለክተው ከላይ ግማሹን ቆረጡት። ደገፉም ምሰሶውን በዚያው ልክ አሳጠረ።

እሁድ ጀልባዋ ነፋሱን ተቀብላ ዘመም አለች፤ ተመልሳም ቀና ብላ መንገዷን ቀጠለች። ጎረቤቱ አጨበጨበ። አባ ቦሼ የልጃቸውን ክንድ ይዘዋል፤ ደረሰች ወይ ብለው ግን አልጠየቁም።

«ቀለሙ ከሩቅ ይታያል?» አሉ።

«ይታያል፣ አባ።»

ማዶ እስክትደርስ ክንዱን አልለቀቁትም።