ሥራ ላይ ያለው ቄጠማ

ንጋት፣ አዳማ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ከአዳሚ ቱሉ ወጣ ብላ ባለች መንደር የምትኖረው ጓደኛዬ ጫልቱ ማታ ደውላ፣ «ነገ ለሊሴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። መንገድ ላይ ቄጠማ ካገኘሽ አደራ!» ብላኛለች። ለሊሴ ልጇ ናት። ባዶ ወለል ላይ ሽማግሌ እንዴት ይቀበሏል? የጫልቱ ጭንቀት ግን ሌላም አለው። ከቤቷ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት የመጸዳጃ ፍሳሽ በጓሮዋ ስለሚያልፍ፣ እንግዳ ቤቷ አይረጋም፤ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል።

ረፋድ፣ መቂ

በጋው ከርሯል፤ ሜዳው ቆሎ መስሏል። ሽንኩርት በአይሱዙ ይጫናል፣ ቲማቲሙ በሳጥን ተደርድሯል። ቄጠማ ግን የለም። አንዱን ደላላ ብጠይቀው፣

«እናቴ፣ በዚህ ፀሐይ? የሽንኩርት ቅጠል ጎዝጉዢላቸው፣ እያለቀሱ ይመርቃሉ!»

ሾፌራችን ሳይቀር ሳቀ። ባዶ እጄን ተሳፈርኩ።

ቀትር፣ ጫልቱ ቤት

አፍንጫዬን በነጠላዬ ልሸፍን እያልኩ ወደ ጓሮ ብዞር እጄ እዚያው ቀረ። ወገብ የሚደርስ ቄጠማ! ሽታ የለም።

«ፍሳሹስ?»

«ከጠጠሩ ሥር እየሄደልሽ ነው።»

የሠሩት ባለሙያዎች ሰው ሠራሽ ረግረግ ይሉታል። ፍሳሹ መጀመሪያ ጉድጓድ ገብቶ ዝቃጩን ይተዋል፤ ከዚያ ሸራ በተነጠፈበት፣ ጠጠር በተሞላ ሰፊ መደብ ውስጥ ለውስጥ፣ በቄጠማው ሥሮች መሃል ቀስ ብሎ ያልፋል። በወዲያኛው ጫፍ ከቱቦ ሲንጠባጠብ አየሁት፤ መስታወት ነው! ልነካው ስል እጄን መታ አደረገችኝ፤ «አይጠጣም፣ ለዛፍ ነው!» ከዚያ ሁሉ ጉድ ይሄ ወጣ?

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ቄጠማ እያለሽ እኔን ታስለምኚኛለሽ?»

«እሱማ ሥራ ላይ ነው» አለች። «የተተከለው ዘንድሮ ነው፣ ሥሩ አልጠናም። አሁን ካጨድነው ይዳከማል፤ ቆሻሻው ሳይጣራ ሁላችን ወደምንቀዳበት የውሃ ጉድጓድ ይወርዳል።»

ከሰዓት በኋላ

ሽማግሌዎቹ ገቡ። የሁሉ ታላቅ ኦቦ ገመቹ ባዶውን ወለል አዩ፤ ቀጥለው በጓሮ በር የሚወዛወዘውን አረንጓዴ አዩ። ጓዳ ውስጥ ከጎኔ የቆመችው ለሊሴ ክንዴን ጨበጠች።

«ጫልቱ፣ ከጓሮሽ ሞልቶ ለእኛ ሰሰትሽ?»

«ኦቦ፣ እርስዎን ላክብር ብዬ ባጭደው የውሃ ጉድጓዳችንን አበላሻለሁ» ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ሄዱ ብለን ደነገጥን። ለካ ወደ ጓሮ ኖሯል! ቱቦው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ!» አሉ በመጨረሻ። «በሉ ወንበሩን አውጡ። ቄጠማው ካልመጣ እኛ እንሄድለታለን።»

ከመደቡ ዳር ተደርድረው ተቀመጡ። ጫልቱ የእያንዳንዳቸውን አፍንጫ ተራ በተራ ታያለች። አንድም እጅ አልተነሳም።

«እንግዲህ» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን።»