አክስቴ የምትሳለምበት ቦታ

ሬንጅ በሸተተኝ ቁጥር የሉማሜዋ አክስቴ ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። ቤተ ክርስቲያኑን ከሩቅ ስትሳለም የምትቆምበት የእግር መንገድ ነበራት። መንገዱ ሲሰፋ ያን ቦታ አስፋልቱ ዋጠው። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ እዚያው መሃል ላይ ትቆማለች።

«እትዬ፣ መኪና መጣ! ዳር ሆነሽ ተሳለሚ» አልኳት፣ እጇን እየጎተትሁ።

«ዝም በይ አንቺ! ሹፌሩስ ክርስቲያን አይደል? ስሳለም እያየ ይገጨኛል?»

አይሱዙው ጥሩምባውን እያንባረቀ አጠገባችን ቆመ።

«አየሽ፣ ፈሪት!» ብላ ሳቀችብኝ።

በሳምንቱ ብቻዋን ወጣች። የዚያን ዕለቱ መኪና ግን መቆም አልቻለም፤ እዚያው ቦታዋ ላይ ቀረች። ነፍሷን ይማር።

እዚህ በሰው አገር፣ ልሻገር እግሬን ሳነሣ መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል። ማንም አይቸኩልብኝም። እኔም ቀስ ብዬ እሻገርና ዳር ቆሜ አለቅሳለሁ።