ቃል የሌለው አልበም

አባቴ የትራክተር ሹፌር ነው። ትራክተሩ ላይ የሚሰካው ፍላሽ ውስጥ አንድ አልበም ብቻ ነበር። ዘፋኝ የለውም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰው ጊታር ይጫወታል። ለስላሳ ጃዝ እንደሚባል ያወቅሁት ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። አባቴ ግን የዘፋኝን ቃል ሞተሩ ይውጠዋል፣ ጊታር ይሻላል ይል ነበር። የመጨረሻው ሙዚቃ መሀል ላይ ጊታሩ ድንገት ዝም ይላል። ያን ጊዜ አባቴ እጁን ሰዶ ያጠፋዋል። ከዝምታው በኋላ ምን እንዳለ ማናችንም ሰምተን አናውቅም ነበር።

አምና ግንቦት ላይ ለእርሻ ወደ ገለጉ ሄደ። እንደሄደም ኔትወርክ ጠፋ። ቤታችን ሽንፋ ነው፤ እዚያው ጤና ጣቢያ የምትሠራው እናቴ ከዚያ በኩል የሚመጣውን ሁሉ ትጠይቅ ነበር። አንድ የቀን ሠራተኛ ሹፌሩ በወባ መውደቁን ነገራት፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ ጠፋ።

አንድ ቀን በቀትር፣ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ቤት አስገብቶ መንገዱ ጭር ብሎ ሳለ ጊታሩን ሰማነው። ቀትር ላይ ጋኔን ይወጣል እየተባልን ነው ያደግነው። ድምፁ ከወንዙ በኩል ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ከጀርባችን ይመጣል። እናቴ በር ላይ ቆመች።

ጎረቤታችን አሮጊት ከቤታቸው ወጡ። በእሳቸው ወጣትነት ራዲዮ ዘፈኑን ትቶ ቃል የሌለው ሙዚቃ ብቻ ካሰማ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነበር። ጥቂት አዳመጡና፣

«አንች ልጅ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ» አሏት።

እናቴ አዘቀዘቀች። ሌሎች ሴቶችም ወጥተው ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው በአጥሩ ጥግ ቆሙ። የሚያለቅስ ግን አልነበረም።

ትራክተሩ ከአቧራው ውስጥ ሲወጣ መቀመጫው ባዶ መሰለኝ። ቀርቦ ሲቆም ፊቱን በሻሽ የጠቀለለ፣ አቧራ የለበሰ ሰው አየሁ። አባቴ አልነበረም። ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶ ሴቶቹን አየና ደነገጠ። ባለቤትሽ ገለጉ ተኝቷል፣ ወባው ኸላስ፣ አብቅቶ ለቆታል አላት እናቴን። ሙዚቃውን ከፍቶ እንዲገባ ያዘዘውም እሱ ነው፤ ሲሰሙት ደህና መሆኔን ያውቃሉ ብሎ።

እናቴ አላመነችውም። የመጨረሻው ሙዚቃ ጀምሮ ነበር።

«ስለዚህኛው ምን አለህ?»

«ዝም ሲል አጥፋው ብሎኛል፣ እትዬ።»

ይህን ሲል ጊታሩ ዝም አለ። ሰውየው እጁን ሰደደ።

«ተወው» አለችው እናቴ።

ሁላችንም በፀሐዩ ቆመን ጠበቅን። የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ዝምታው በጣም ረዘመ፤ አልበሙ አልቋል ብዬ ነበር። ከዚያ አንዲት የጊታር ድምፅ፣ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው፣ ቀስ ብላ መጣች።

እናቴ ነጠላዋን ገለበጠች፤ ሴቶቹም ተከተሏት። አሮጊቷ ግን እንዳዘቀዘቁ ወደ ቤታቸው ገቡ።

«ይቆይ። ሰውየውን ሳላየው አልገለብጥም።»

በየቀኑ እንደዚያው ለብሰው ይወጡ ነበር። አባቴ በአይሱዙ ከስቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሲመጣ አሮጊቷ መጥተው ክንዱን በጣታቸው ጫን አድርገው ያዙት። ሙቀቱ እስኪሰማቸው የጠበቁ መሰለኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ገለበጡ።

አባቴ ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ ወደ እናቴ ዞረ።

«ከዝምታው ወዲያ ምን አለ?» አላት።

«ይመለሳል» አለችው እናቴ።