ቃል በቃል

ፈህሚያ ዐብዱልከሪም ሰው አታምንም። ይህን ስል ስሟን ማጥፋቴ አይደለም፤ ራሷም ብትሰማኝ «ታዲያ ምኑ ያሳፍራል?» ነው የምትለኝ። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ካላቸው አባት የተወለደ ልጅ ጥርጣሬን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። ሐጅ ዐብዱልከሪም ጣቃ ሲረከቡ ጨርቁን ወደ ብርሃን አውጥተው ያዩታል፣ ጠርዙን በምራቅ አርጥበው ቀለሙን ይፈትሹታል፣ ከዚያ እንደገና ያዩታል። አምጪው ነጋዴ «ሐጅ፣ እኔንም ይጠረጥሩኛል?» ሲላቸው ፈገግ ብለው «አንተን አይደለም፤ ጨርቁን ነው» ይላሉ። እሱንም ጭምር እንደሆነ ግን ሁለቱም ያውቃሉ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ፈህሚያ የሰማችው ገንፎ መብላት ሳትጀምር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ሀብቷ ጭንቅላቷ ነበር። አዲስ ዓለም ሰፈር ሸህ ዐብደላ ዘንድ ቁርኣን ስትቀራ አንዴ የሰማችውን አትለቅም ነበር። አስኳላ ስትገባም በዚያው ቀጠለች፤ ታሪኩንም ባዮሎጂውንም ከነነጥቡ ሸመደደችው። መምህሮቿ ከመጽሐፉ ፈቅ ያላለ መልስ ሲያዩ ደስ ይላቸው ስለነበር ከክፍሏ አንደኛ እየወጣች አደገች። መምህርት ለመሆን ስትመዘገብ ማንም አልገረመውም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ኖርዌይ ሄደው ግማሽ ዓመት እንዲማሩ ከተመረጡት አንዷ ሆነች። ሐጅ ወሬውን እንደ ጣቃ አገላብጠው አዩት።

«ማነው የሚከፍለው?»

«እነሱ ናቸው፣ አባ።»

«ምን ፈልገው?»

«ምንም።»

«በነጻ የሚሰጥ ጨርቅ ወይ ቀለሙ ይለቃል፣ ወይ የተሰረቀ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በመጨረሻ ያለዘቧቸው እናቷ ወይዘሮ ሙሚና ናቸው። ሐጅ አዘዞ አየር ማረፊያ ድረስ ሲሸኟት አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «እዚያ የምትጠሪው በእኔ ስም ነው። ስሜን እንደወሰድሽው መልሺልኝ።» ከሻንጣዋ ሁሉ የከበዳት ይህ ቃል ነበር።

የሄደችባት ትንሽ ከተማ እንደ እሷ ላለ ሰው መከራ ነበረች። ተማሪው ኮቱንም ቦርሳውንም ኮሪደር ላይ ጥሎ ክፍል ይገባል። ፈህሚያ የራሷን ቦርሳ ሽንት ቤት ድረስ ይዛ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን በእግሯ ስትንሸራሸር መንገድ ዳር ድንች በቅርጫት ተደርድሮ፣ አጠገቡ የገንዘብ ሣጥን ተቀምጦ አየች፤ ሰው ግን የለም። ባለቤቱ ከየት ሆኖ እንደሚያያት ስትፈልግ ቆየች። ዛፉን አየች፣ የቤቱን መስኮት አየች፣ ከቅርጫቱ ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብላ አየች። ድንቹንም ሳትገዛ ሄደች። ማታ ስልክ ደውላ «አባ፣ ሻጭ የሌለበት ሱቅ አየሁ» ብትላቸው፣ «ሻጩ አለ፤ አንቺ ነሽ ያላየሽው» አሏት። እሷም የመሰላት እንደዚያው ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የልጆች አማማር የሚባለውን ትምህርት ተፈትና ስትጨርስ ቢሮ ተጠራች። መምህርቷ ኢንግሪድ የምትባል ፀጉሯ የሸበተ ሴት ነበረች። አጠገቧ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ የፈህሚያ የፈተና ወረቀትና መጽሐፉ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል።

«የጻፍሽው ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው፤ አራት ገጽ ሙሉ» አለ ሰውዬው። «ፈተናው ላይ ደብቀሽ ያስገባሽው ነገር ካለ አሁን ንገሪን። ከተረጋገጠ ስምሽ ተመዝግቦ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ።»

ስምሽ ሲል የአባቷን ስም ማለቱ ነው፤ ወረቀቱ አናት ላይ ከእሷ ስም ቀጥሎ በደንብ ይነበባል። ዕድሜ ልኳን ሰው ስትጠረጥር የኖረች ልጅ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠርጣሪ ሆና ተቀመጠች። እንዴት እንደሚያቃጥል አታውቅም ነበር። ጆሮዋ ጋለ። ድንቹ ጋ ስታጎነብስ እነሱም ያዩአት መሰላት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ነውና ነገሩ፣ ብትንተባተብ አለቀላት።

«ወላሂ አልሰረቅሁም» አለች በአማርኛ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ፈልጋ አገኘችና «መጽሐፉን ይያዙት» አለችው።

ብድግ ብላ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነችና ሸህ ዐብደላ ፊት እንደምታደርገው ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘች ምዕራፉን ከአናቱ ጀምራ ለቀቀችው። ሰውዬው በጣቱ መስመር በመስመር ይከተላታል። ገጽ ገለጠ፤ ደግሞም ገለጠ። መሐል ላይ «ሥዕል ሦስት ነጥብ ሁለትን ተመልከት» የሚለውን እንኳ ሳታስቀር አለፈችው። ያን ጊዜ ሰውዬው መጽሐፉን ዘጋ። ኢንግሪድም በእጇ አፏን ያዘች።

«ይቅርታ እንጠይቅሻለን» አለች ኢንግሪድ። «አልሰረቅሽም። ስምሽ ንጹሕ ነው።»

ፈህሚያ አልሐምዱሊላህ ብላ ቦርሳዋን ስታነሣ ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም ነበር። «አሁን ደግሞ በራስሽ ቃል ንገሪኝ። ይህን ስታነቢ የትኛው ልጅ ትዝ አለሽ?»

ያን ሁሉ ገጽ የያዘ የፈህሚያ ጭንቅላት ባዶ ሆነ። ይህቺ ሴትዮ በበሩ አስወጥታ በመስኮት ልትይዘኝ ነው ብላ ጠረጠረች። በራሷ ቃል እንድትጽፍ ሁለተኛ ፈተና ሲሰጧትም ያው ጥርጣሬ አልለቀቃትም። የሆነው ይሁን ብላ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ በክንድ መለካት እንዴት እንደተማረች ጻፈች፤ የእሷ ክንድ ከአባቷ ክንድ ስለሚያጥር ደንበኛ እንዳስኮረፈች ሳይቀር ጻፈች። ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ይሆናል ብላ እያፈረች ነበር የሰጠችው። «ሲ» አገኘች። ከተወለደች «ሲ» አግኝታ አታውቅም። ኢንግሪድ ግን ከሥሩ «አሁን ሰማሁሽ» ብላ ጽፋበት ነበር። ፈህሚያ ይህን ማጽናኛ ነው ብላ አለፈችው።

ጎንደር ስትመለስ ሐጅ የምስክር ወረቀቱን ማኅተም በጣታቸው አሸት አድርገው እንደማይለቅ ካረጋገጡ በኋላ «ስሜስ?» አሏት።

«ይኸው፣ አባ። እንደወሰድሁት» አለች። ቢሮ ተጠርታ የነበረውን ነገር ለማንም አልተነፈሰችም።

በመከር ለማስተማር ልምምድ የደረሳት ቦታ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። ደጋው ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሕዝቡ ጨዋ ነው፤ ሰላምታ አይነፍግም። ግን እሱም በበኩሉ ይጠረጥራል። ከተሜ ናት፣ ባሕር ማዶ ደርሳ መጥታለች፣ ልጆቹን ቤታችሁ ምን አለ ምን የለም ብላ ትጠይቃለች፤ ከብት ልትቆጥር የተላከች እንዳትሆን የሚል ወሬ በገበያው ዞረ። እሷም አከራይዋ ወተት ሲሰጧት ምን ፈልገው ነው እያለች ትጠጣ ነበር።

እንዲያሠለጥኗት የተመደቡት መምህር አስማረ የሚባሉ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ያረጁ ሰው ናቸው። የስድስተኛ ክፍልን ሳይንስ ሰጧት፤ የፈተናውን መልስም በእጃቸው ጽፈው ሰጧት፤ «ከዚህ ውልፍት ያለውን ኤክስ አድርጊው» ብለው። የመጀመሪያውን ፈተና በዚያው መሠረት አረመች። በሁለተኛው ፈተና ግን የአንዲት ልጅ ወረቀት መምህር አስማረን አስቆጣቸው።

«ይቺን እዪልኝ!» አሉ። ዓይናለም የምትባል ዝምተኛ ልጅ ናት። «የአፈር መሸርሸር ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መጽሐፉን ቃል በቃል ገልብጣዋለች፤ «ለም የሆነው የላይኛው የአፈር ክፍል በውኃ ወይም በነፋስ ኃይል ተጠርጎ ሲወሰድ...» እያለ ይቀጥላል፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልጎደለም። «ባለፈው ከአስር ሁለት ያመጣች ልጅ ዛሬ ሊቅ ሆነች? መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ ነው። ዜሮ ስጫት። ስትቀዳ የተያዘች ልጅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደምትታገድ ታውቂያለሽ።»

የፈህሚያ እጅ ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሄደ። ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር። ነገር ግን ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ስታነብ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ልጅቷ ከመልሱ ሥር «በገጽ ሠላሳ አራት ያለውን ሥዕል ተመልከቱ» ብላ ጽፋለች።

ፈህሚያ ሳቋ መጣ። ይህቺ ልጅ እኔ ነኝ፣ አለች በሆዷ።

«መምህር፣ ዜሮውን ትንሽ ያቆዩልኝ። ልጅቷን ልስማት» አለች። ልቧ ውስጥ ኩራት ነበር፤ የውጭ አገሩን ትምህርት ለእኚህ ሽማግሌ ልታሳያቸው ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ አስቀድማ ታውቀዋለች።

ዓይናለም ተጠርታ ቢሮ ገባች። ነጠላዋን ሰብስባ በር ጥግ ቆመች። ፈህሚያ መጽሐፉን ለመምህር አስማረ ሰጠቻቸው። «በይ፣ ያነበብሽውን በቃልሽ በይልኝ» አለቻት። ልጅቷ አንዴ ትንፋሽ ወሰደችና ምዕራፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አወረደችው። መምህር አስማረ ጣታቸው መጽሐፉ ላይ ቀረ።

«ሰረቀች?» አለች ፈህሚያ።

«አልሰረቀችም» አሉ እያቅማሙ።

አሁን የኢንግሪድ ተራ ደረሰ። ፈህሚያ ድምፅዋን አለስልሳ «ጎበዝ። አሁን ደግሞ በራስሽ ቃል ንገሪኝ» አለች።

ዓይናለም መሬት መሬት አየች። «አልልም» አለች።

«ምነው? አትፍሪ።»

«ያኔ ብዬው ኤክስ አደረጉብኝ።»

«ማን ነው ያደረገብሽ?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ቲቸር።»

ፈህሚያ የምትረሳ ልጅ ብትሆን ኖሮ ምንኛ በተሻላት! ግን አንዴ ያየችውን አትለቅም። የመጀመሪያው ፈተና ወረቀት እንዳለ ፊቷ ተዘረጋ። ጥያቄው ያው ነው። መልሱ ደግሞ «ማሳችን በክረምት ቁልቁል ሄዶ በአጎቴ በይበልጣል ማሳ ላይ ተኛ» ይላል። ላዩ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አለ። ኤክሱን ማድረጓ ብቻ አይደለም፤ ሻይ ሲጠጡ ለመምህራኑ አንብባላቸው «ማሳው እግር አወጣ!» ብላ አስቃቸዋለች። መምህር አስማረም አብረው ስቀዋል። አሁን መጽሐፉን ዘግተው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

«ለአባትሽ አሳየሽው?» አለች ፈህሚያ፤ ድምፅዋ ሸካራ ሆኖባታል።

«አሳየሁት። ቤት አንብቢልኝ አለኝ፣ አነበብሁለት። ኤክሱን ሲያይ ‹እሰይ! እንግዲያው ማሳችን አልሄደም ማለት ነው› ብሎ ሳቀ። ኋላ ግን አልሳቀም።»

«ከዚያስ?»

ልጅቷ ልናገር አልናገር ብላ ተጠራጠረች። ፈህሚያን አየች፣ መምህር አስማረን አየች፣ በሩን አየች። «‹የእነሱን ቃል ለእነሱ ስጫቸው፤ የኛን ቤት አስቀምጪው› አለኝ። እኔም መጽሐፉን ያዝሁት።»

ፈህሚያ ይህን ምክር ታውቀዋለች። ቃሉ ሌላ ይሁን እንጂ ከአባቷ ሱቅ የወጣ ነው። ኢንግሪድ የጻፈችላት ያቺ «አሁን ሰማሁሽ» የምትል ቃልም ያን ጊዜ ገባቻት። ማጽናኛ አልነበረችም። እሷ አንድ የሚሰማት ሰው አገኘች፤ ይህቺ ልጅ ደግሞ የሳቀችባትን እሷን አገኘች። አፈረች፤ እንባዋ ሲመጣ ጉንጯን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

«ዜሮውን ተይው» አሉ መምህር አስማረ ቀስ ብለው። «ለዚያኛው ፈተናም መልሱን የጻፍሁልሽ እኔ ነኝ።»

«ኤክሱ ግን የእኔ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ዓይናለም ዞራ «ማሳችሁን ታሳዪኛለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ ቀድማ ወጣች። ፈህሚያም ተከተለቻት። ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲያ ገደላገደሉ ይጀምራል። ዓይናለም አንድ ተዳፋት አናት ላይ ደርሳ ቆመች። እግራቸው ሥር ያለው መሬት ድንጋዩ ገጥጦ ነጭ ሆኗል፤ ገብሱ እዚህም እዚያም ብቻ ነው የበቀለው። ከታች ግን፣ ከአጎቷ ካብ ወዲህ፣ አፈሩ ጥቁር ነው፤ ገብሱም ጥቅጥቅ ብሏል።

«ያ ጥቁሩ የኛ ነበር» አለች ልጅቷ። ፈህሚያ ለማየት ወደ ጠርዙ ጠጋ አለች። ዓይናለምም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ጠየቀቻት።

«ቲቸር፣ አይተው ደግሞ ኤክስ ሊያደርጉበት ነው?»

ፈህሚያ ቀዩን እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አወጣችና ለልጅቷ ሰጠቻት።